ሚኒባስ አትከራዩ፦ የክረምት የተፈጥሮ ትምህርት በጣና ዳር

ክረምት ላይ ልጆች ሰብስባችሁ ስለ ተፈጥሮ ልታስተምሩ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ሚኒባስ አትከራዩ የሚል ነው። የለመድነው ነገር ይታወቃል። አንድ ቀን ጢስ ዓባይ፣ በማግስቱ ዘጌ፣ ከዚያ ቤዛዊት፣ ፎቶ፣ ለስላሳ፣ ወደ ቤት። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ወላጅም ቴሌግራም ላይ ፎቶውን አይቶ ይረካል። ከሳምንት በኋላ ግን ልጁን ምን አየህ ብትሉት "ፏፏቴ" ብሎ ዝም ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የምላችሁ። አንድ ቦታ ምረጡ፣ እዚያው ተመላለሱ፣ ያንኑ ነገር በየቀኑ ለኩ።

ሐሳቡ የኔ አይደለም። የተራራ ላይ የምርምር ጣቢያዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጎቲክ የሚባል የብር ማዕድን አውጪዎች ትተውት የሄዱት መንደር አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሮኪ ማውንቴን ባዮሎጂካል ላቦራቶሪ የሚባል ጣቢያ እዚያ ተከፈተ። ተመራማሪዎቹ በረዶው ሲቀልጥ ይመጣሉ፣ በየዓመቱ እዚያው ሸለቆ ይገባሉ። ማርሞት የሚባል፣ ድመት የሚያክል፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር እንስሳ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሳያቋርጡ ይከታተሉታል። የእንስሳው ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሁሉ ተመዝግቧል። ለልጆችም የእረፍት ጊዜ ፕሮግራም አላቸው፤ ያው ሜዳ ላይ ነው የሚያውሏቸው።

እነሱ የሚሯሯጡበት ወቅት የኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚያ ፀሐይና አበባ ነው፤ እዚህ ደግሞ ውኃ ነው። ስለዚህ ውኃውን አስተምሩ። ዝናቡን እንደ እንቅፋት ካያችሁት ፕሮግራሙ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

ቦታ መምረጥ

ሦስት ነገር ያለው ቦታ ፈልጉ። ልጆች ሳይንሸራተቱ ወደ ውኃው የሚጠጉበት ጠንካራ መቆሚያ፣ ማለትም የጀልባ መቆሚያ ወይም የድንጋይ ግንብ። አጠገቡ ደንገል ወይም ሌላ ረግረጋማ ሣር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የምትገቡበት ቆርቆሮ ያለው በረንዳ። ከሐይቁ ዳር የሚገኝ ትምህርት ቤት፣ ሎጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሦስቱንም ሊያሟላ ይችላል። ሥራ አስኪያጁን ወይም የሰበካ ጉባኤውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሲሆን ሲሆን በጽሑፍ። ቀበሌም እንዲሁ ይወቀው። የአካባቢውን ጸጥታ በየጠዋቱ ማጣራትና ለወላጅ መደወል የአንድ ሰው ቋሚ ሥራ ይሁን።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አካባቢ ግን ለልጆች አልመርጠውም። ያምራል፤ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። በሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ችግር ውስጥ ነው። ሌላም ቦታ ቢሆን ማልዳችሁ ወይም ሊመሽ ሲል ሣር ውስጥ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ።

ቀንና ሰዓት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ይበረታል፣ ጠዋት ፋታ ይሰጣል። ሐይቁም ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ሌላ ነው። ጀልባ ነጂዎቹን ብትጠይቋቸው እነሱም ይህንኑ ይነግሯችኋል።

የቀን መቁጠሪያውን ስታዩ ፍልሰታን አትርሱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙ ልጅ ይጾማል፤ ቅዳሴ ሳያልቅ እህል ውኃ የማይቀምስም አለ። በዚያ ሆዱ ፀሐይና ጭቃ ውስጥ አታቁሙት። ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው፤ ወንዶቹ "ሆያ ሆዬ" ብለው ከሄዱ ማንም አይመጣላችሁም፣ መምጣትም የለበትም። ስለዚህ ዋናውን ሥራ ሐምሌ ላይ ጨርሱት። ሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት ሳምንት ጥሩ ነው። በፍልሰታ ልጆቹ ቤታቸው ሆነው የዝናብ ልኬቱን ብቻ ይቀጥሉ።

ዕድሜ ከ9 እስከ 13። ከዚያ በታች ከሆነ ውኃ ዳር መጠበቁ ራሱ ሙሉ ሥራ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ስልኩን አይለቅም። 15 ልጅ ከበዛ ለሁለት ክፈሉት፤ ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ ይኑር። ከአዋቂዎቹ ቢያንስ አንዱ በደንብ መዋኘት የሚችል ይሁን፤ "ድሮ እዋኝ ነበር" የሚለውን አልቆጥረውም።

የሚያዘው ዕቃ

ብዙ ወጪ የለውም። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል)፣ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ ወይም ላስቲክ። ለቡድኑ ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ነጭ ትሪ ወይም ሳፋ፣ ማጉያ መነጽር፣ የጎማ ጓንት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን። ባይናኩላር ከተገኘ አንድ ይበቃል፤ ተራ መጠበቁ ራሱ ትዕግሥት ያስተምራል። ቆሎና ዳቦ፣ የሚጠጣ ውኃ። ለስላሳ ባይመጣ ይሻላል፤ ጠርሙሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ታጣላችሁ።

በየቀኑ የሚለኩት ሦስቱ ነገሮች

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፕሮግራሙ ማለት ይሄ ነው።

አንደኛው ዝናብ ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከአንገቱ በታች ቁረጡ። የላይኛውን ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት። የሃይላንዱ ሥር ሸንተረር ስላለው ጠጠር ጨምሩበትና ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ውኃ ሙሉበት፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ መስመር አስምሩ። ከዜሮው በላይ በማስመሪያ ማንበብ ነው። ከዛፍና ከቆርቆሮ ጠርዝ አርቃችሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ አስደግፋችሁ አቁሙት። በየቀኑ እዚያው ሰዓት ይነበባል፣ ውኃው እስከ ዜሮው ይደፋል፣ ይጻፋል።

ቁጥሩ ባዶ እንዳይሆንባቸው ሒሳብ አሠሯቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ቤታቸው 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ካለውና ሌሊት 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ጣሪያው ላይ 400 ሊትር ወርዷል፤ 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ ይፈጣል። አንዳንዱ ማታውኑ አባቱን አሸንዳ ግዛ ብሎ ይነዘንዛል፤ ወላጆች ከደወሉላችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛው የሐይቁ ከፍታ ነው። መቆሚያው ግንብ ወይም ምሰሶ ላይ በቀለም አንድ ምልክት አድርጉ፤ ከምልክቱ እስከ ውኃው ያለውን በሜትር ይለኩ። ማዕበሉ ያስቸግራል። ስለዚህ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ወስደው መካከሉን ይጻፉ። ጣና በጣም ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከፍ የሚለው ደግሞ መስከረም አካባቢ ነው። ስለዚህ ሐምሌን ሙሉ ምልክቱና ውኃው ሲቀራረቡ ያያሉ። ማንም ሳይነግራቸው አንዱ ልጅ "ዝናቡ ትላንት ቆሟል፣ ሐይቁ ግን ዛሬም ጨመረ፣ ለምን?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ቶሎ አትስጡት። ካርታ ዘርጉና ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን በጣታቸው ከምንጫቸው እስከ ሐይቁ እንዲከተሉ አድርጉ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ነው የሚነሱት፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ። ተራራ ላይ የዘነበው ሐይቁ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ተራራው ባሕር ዳር ድረስ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ጭቃውን ተሸክሞ።

ሦስተኛው ጭቃው ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የፕላስቲክ ክዳን ፈልጉ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ተቃራኒዎቹን ጥቁር፣ የቀሩትን ነጭ ቀቡ። መካከሉን ብሱት፣ ገመድ አስገቡ፣ ከሥሩ ድንጋይ እሰሩ። ገመዱ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ይኑር። ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ የሐይቅ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ከመቆሚያው ላይ ቀስ እያሉ ያወርዱታል። ነጩና ጥቁሩ የማይለይበት፣ ዲስኩ ጭራሽ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ገመዱን ይዘው ቋጠሮ ይቆጥራሉ። ከዚያ እስኪታይ ይስቡትና እንደገና ይቆጥራሉ፤ የሁለቱ መካከል ይጻፋል። መጀመሪያ ሁሉም "ታየኝ"፣ "አልታየኝም" እያለ ይጨቃጨቃል። ይጨቃጨቁ። ሦስት ልጅ ለየብቻ አንብቦ መካከሉን መውሰድ እንዳለባቸው ራሳቸው ይደርሱበታል። ዝናቡ እየከረመ ሲሄድ ዲስኩ ቶሎ ቶሎ መጥፋት ይጀምራል። ያ ቡናማ ነገር የገበሬ አፈር ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ካርቶን ላይ በግራፍ ያውጡት። ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

ዓሣው ጋ አንድ ጠዋት

ዓሣ አጥማጆች ያመጡትን የሚያወርዱበት ቦታ ላይ አንድ ጠዋት ስጡ። ቀድማችሁ ከአንዱ ጋር ተስማሙ፤ የሥራ ሰዓቱን ነው የምትወስዱበትና ክፈሉት። ልጆቹ በደንብ ሰላምታ ይስጡ፣ ጋሼ ይበሉ፣ መንገድ አይዝጉ።

ቆሮሶና አምባዛ ይለያሉ፤ ሁሉም ልጅ ቤቱ በልቷቸዋል። ጉዳዩ ያለው ነጭ ዓሣው ላይ ነው። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የሚሸጠው፣ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚለው ወገን፣ በጣና ብቻ ከ15 በላይ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ስለሚያግደው የሐይቁ ዓሣ ለብቻው ቀረ፣ ለብቻውም ተለያየ። ሁለት ሦስት የተለያዩ ነጭ ዓሣዎች ትሪ ላይ አስተኝታችሁ አፋቸውን ብቻ አሳዩ። አንዱ ትንሽ፣ ወደ ታች የዞረ አፍ አለው፤ ከሥር ይለቅማል። ሌላው ሰፊ፣ ወደ ፊት የተከፈተ አፍ አለው፤ ሌላ ዓሣ ይውጣል። "ታዲያ ጥርሱ የታለ?" ይላሉ። መንጋጋው ላይ የለም። ዓሣ የሚያጸዳው ሰው ጭንቅላቱን ሰንጥቆ ጉሮሮውን ይክፈትላቸው፤ ጥርሱ እዚያ ውስጥ ነው፣ በረድፍ የተተከለ። ጓንት ያደረገ ልጅ በጣቱ ይንካው።

ከዚያ ክረምት ለምን ለዚህ ዓሣ ወሳኝ እንደሆነ ንገሯቸው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ወንዞቹ ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ ይዋኛሉ፣ ንጹሕ ጠጠር ያለበት ቦታ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሴኪ ዲስኩ ላይ ያዩት ጭቃ እዚህ ጋ ይገጥማል፤ ጠጠሩ ደለል ከለበሰ እንቁላሉ ይታፈናል። ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብም ሊወልድ የሚሄደውን ነው የሚይዘው። አጥማጁ ፊት ግን ስብከት አታድርጉት። እሱ ከናንተ በላይ ያውቃል፣ ይጠይቁት።

(በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ከተነሳ ለወላጆቻቸው ተዉት። እኔ ገብቼበት አልወጣሁም።)

ደንገልና እምቦጭ

አንድ የደንገል አገዳ በምላጭ አስቆርጣችሁ አሳዩ። ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ነው፣ አየር የሞላበት። ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ግን ውኃም ይጠጣል፣ ለዚህ ነው ታንኳው ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ የሚደርቀው። አንድ ደረቅ ቁራጭ ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ባልዲ ውስጥ ሙሉ ጠዋት ነክራችሁ እንደገና መዝኑ። ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች አሉ፤ አንዱን ጋብዙና ሲያስር ይዩ። ይህም በክፍያ ነው። ወይጦዎች በየሰው አፍ ብዙ ነገር ተብለዋል፤ ልጆቹ አንድ ቃል ከአፋቸው እንዳያመልጥ በዋዜማው ተነጋገሩበት፣ ሙያተኛውንም እንደማንኛውም መምህር "ጋሼ" ይበሉት።

እምቦጭ ሌላ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፣ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ይበልጥ የተጎዳው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ነው። አንዱን ብትሰነጥቁት ግንዱ ላይ ያበጠው ቦታ ልክ እንደ ደንገሉ አየር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና ልዩነቱን ልጆቹ ይጻፉ። አበባው ቆንጆ ስለሆነ አንዷ ልጅ ቤት ወስጄ ልትከለው ትላለች። አይቻልም። አንድም ቅጠል ከቦታው አይንቀሳቀስ፣ ቦት ጫማም ከመሄድ በፊት ይፈተሽ።

ወፎች

ክረምት ላይ ከአውሮፓ የሚመጡት የሉም፤ እነሱ ከመስከረም በኋላ ናቸው። ግን ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች አሁን ነው ሥራ የሚበዛባቸው። ውኃ ላይ ያዘነበለ ዛፍ ፈልጉና አንድ ጎጆ ብቻ መርጠው ለአሥር ደቂቃ ይዩ፤ ስንቴ ሣር አመጣ፣ ከየት አመጣ፣ ሴቷ መጥታ አየችው ወይ። ወንዱ ሠርቶ ሴቷ ካልወደደችው ይፈርሳል፤ ይሄን ስትነግሯቸው ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ወንዶቹ ዝም ይላሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍም አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል ሲወረወር ይገኛል። ጭቃው በበዛበት ቀን ስንቴ ስቶ ስንቴ እንደያዘ ይቁጠሩ፣ ከሴኪው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

አንድ ጉዞ ይፈቀዳል

መጨረሻው ሳምንት ላይ ዘጌ ሂዱ። በጀልባ ከሆነ ላይፍ ጃኬት በየልጁ ልክ፣ ማሰሪያው ተፈትሾ፣ ያለዚያ አትሳፈሩ። ወደ ገዳማቱ ስትሄዱ ሴት ልጆች መኖራቸውን አስቡ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል። ግማሹን ልጅ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ግማሹን ማስገባት ደስ አይልም።

ዘጌ የምትሄዱት ለጥላው ነው። በበሬ አይታረስም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው ይባላል። ስለዚህ ደኑ አለ፣ ቡናውም ከሥሩ። ሁለት ቦታ ላይ እጃቸውን አፈሩ ላይ ያድርጉ፤ አንዱ ጫካ ውስጥ፣ አንዱ ዛፍ የሌለበት መንገድ ዳር። ከዚያ ከሁለቱም ቦታ አንድ እፍኝ አፈር በሁለት ሃይላንድ ውኃ በጥብጠው ይጠብቁ፣ የቱ ቶሎ እንደሚጠራ ይዩ። ቡናው ሐምሌ ላይ ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ አይቀጠፍም፣ የሰው ነው።

የሚያስፈሩት ነገሮች

ቢልሃርዚያ በጣና ዳር አለ። ተሐዋሲው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ማንም ባዶ እግሩን ውኃ አይገባም፣ አይዋኝም፣ እጅ የሚነከረው በጓንት ነው። የነካው ቶሎ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይደራረቅ።

ወባን ደግሞ ትምህርት አድርጉት። አሮጌ ጎማ ወይም ኩሬ ውስጥ ያለ ውኃ ነጭ ሳፋ ላይ ገልብጡ። ከውኃው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚተኛው ዕጭ የወባ ትንኝ ወገን ነው፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ የሚንጠለጠለው ሌላ ትንኝ ነው። ልጆች ይሄን አንዴ ከለዩ ሰፈራቸውን ሁሉ ይፈትሻሉ። አይተው ሲጨርሱ ውኃው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ ወላጅ ይሄን በደብዳቤው ላይ ያንብብ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሥራ ይቆማል። ከውኃው ራቁ፣ ዋርካ ሥር አትጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ።

ገንዘብ

ወጪው በዋናነት ለሰው የሚከፈል ነው፤ ለአጥማጁ፣ ለታንኳ ሠሪው፣ ለጀልባው፣ ለረዳቶቹ አበል። ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙና በዚያው ቀን በእጅ ስጡ። ከወላጅ የሚሰበሰበውን በሁለት ደረጃ አድርጉት፤ የሚችለው ሙሉውን፣ የማይችለው ቦት ጫማውን ብቻ ይዞ ይምጣ። ማን ምን እንደከፈለ ልጆቹ አይወቁ። ቦት ጫማ የሌለው ካለ ከተማው ውስጥ ሰልባጅ ተራ ይገኛል፣ ግን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፤ በካልሲ ይሞላል።